የአህያ ምክር በርግብ ጎጆ

ጆሮ ያለው ይስማ፤ ጭራ ያለው ደግሞ ዝንቡን እያባረረ ይስማ።

በልጇ የምትኮራ አንዲት አህያ ነበረች። በአህዮች አገር እናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ልጇን አንድ ጊዜ ትረግጣለች። ውርንጭሎቹም ተራቸውን ጠብቀው፣ ተረግጠው፣ እየሳቁ ወደ ሜዳ ይሮጣሉ። ያልተረገጠውን «እናት የለውም» ብለው ያዝኑለታል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ርግብ፣ «እትዬ አህያ፣ የእኔ ጫጩት አልሰማ ብሎኛል። የእርስዎ ልጅ እንዴት እንዲህ ጨዋ ሆነ?» አለቻት።

«ጠዋት አንድ እርግጫ ነዋ» አለች አህያዋ። «እኔስ በእርግጫ አይደል ያደግኩት? ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» ይህን ስትል ጀርባዋ ላይ ሁለት ጆንያ ተጭኖባት ነበር።

ርግብ ሄዳ ጫጩቷን በክንፏ መታችው። በርግቦች አገር እናት ልጇን ስትመታ ታይቶ አያውቅምና ጫጩቱ፣ «ይቺ እናቴን መስላ የመጣች ጭልፊት ናት» ብሎ ጣሪያ ሥር ተወሸቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአፏ እህል አልቀበልም አለ።

አህያዋ ይህን ስትሰማ እስክትወድቅ ሳቀች። «ታዲያ እናንተ በምንድን ነው የምታሳድጉት?»

«አንገቱን በአንገታችን እያሻሸን» አለች ርግብ።

በማግስቱ አህያዋ ማንም እንደማያያት አረጋግጣ፣ እርግጫውን ትታ አንገቷን ወደ ልጇ ዘረጋች። ውርንጭላው ጆሮውን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። አንገቷ ሲያርፍበት አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገና፣ «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት።

አህያዋ ኮቴዋን ስታይ ዋለች።