ሰሌዳ የፈለገችው ስንዱ

ተረቴ ረጅም ነውና ጫፉን አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ፊደል በለየች ማግስት ከዛፍ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው፤ በምርኩዝ አይደረስም። እናቷ ደብሬ፣ እስክትድኚ እኔ አስተምርሻለሁ አለቻት። ምስር እያስለቀመች መቁጠር፣ ጓሮ እያስኮተኮተች የአትክልቱን ስም አስተማረቻት። ፊደልን ግን አንስታም አታውቅ። ፊደሉም አንድ በአንድ እየጠፋባት ሲሄድ ስንዱ እንዳትረሳው የምትጽፍበት ሰሌዳ ፈለገች።

ስንዱ በምርኩዟ እያነከሰች፣ እናትና ልጅ እዚያው መንደር ያሉት አናጢው ጋሽ ፈለቀ ዘንድ ሄዱ። እሳቸው መጥረቢያዬ ዶልዱሟል አሉ። መጥረቢያው ጣውላውን አይጠርብ፣ ስንዱም ሰሌዳ አታገኝ። ደብሬ ጣውላውን በስንዝር አስለካቻትና ወደ ቀጥቃጩ አለፉ።

ቀጥቃጩ ጋሽ ሞላ ከሰል አልቆባቸዋል። እሳቱ መጥረቢያውን አያግል፣ መጥረቢያው ጣውላውን አይጠርብ፣ ስንዱም ሰሌዳ አታገኝ። ደብሬ ወናፉን አስነፍታ ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አሳየቻት።

ከሰል ሻጯ እትዬ አስካለ ጆንያቸው ተቀዷል። ጆንያው ከሰሉን አይዝ፣ ከሰሉ እሳቱን አያነድ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አያግል፣ መጥረቢያው ጣውላውን አይጠርብ፣ ስንዱም ሰሌዳ አታገኝ።

ጆንያ ሰፊው አባባ ተክሌ መርፌና ክር ይዘው ተቀምጠዋል። ክሩ መርፌው ውስጥ አይገባ፣ መርፌው ጆንያውን አይሰፋ፣ ጆንያው ከሰሉን አይዝ፣ ከሰሉ እሳቱን አያነድ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አያግል፣ መጥረቢያው ጣውላውን አይጠርብ፣ ስንዱም ሰሌዳ አታገኝ። አባባ ተክሌ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከደከመ ሰነበተ። ለሰው መናገር አፍሬ ነው።»

ይህን ስትሰማ ደብሬ አንገቷን ደፋች።

ስንዱ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርሳ አስገባችላቸው። ከዚያማ ማን ያቆመዋል? ክሩ መርፌው ውስጥ ገባ፣ መርፌው ጆንያውን ሰፋ፣ ጆንያው ከሰሉን ያዘ፣ ከሰሉ እሳቱን አነደደ፣ እሳቱ መጥረቢያውን አጋለ፣ መጥረቢያው ጣውላውን ጠረበ፣ ስንዱም ሰሌዳዋን አቅፋ ቤቷ ገባች።

በከሰል ስባሪ ሦስት ፊደል ጻፈች። የመጨረሻው ላይ እጇ አመነታ።

«እማ፣ ስምሽ ነው። ልክ ነኝ?»

ደብሬ ሰሌዳውን አየችው፣ አየችው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ማንበብ አልችልም። ላንቺ መናገር አፍሬ ነው።»

ስንዱ ጠጋ ብላ ከሰሉን እናቷ እጅ ውስጥ አስገባችና እጇን በእጇ ያዘች። ደ አሉ አብረው፣ ብ አሉ፣ ሬ አሉ። ጽሑፉ ጠማማ ነበር፤ ደብሬ ግን ሳታጠፋው አደረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንዱ አንድም ፊደል አልጠፋባትም፤ በየቀኑ የምታስተምራት ተማሪ አለቻት።

በሉ ጫፉን መልሱልኝ፤ እጃችሁም ይረፍ።