ማንም ያልነካው መዘውር

አንድ ብረት ሠሪ ነበረ፤ አንለይ የሚባል። ስልክና ባቡር ገና ብርቅ በነበሩበት ዘመን፣ እኩሌታው ሰው በሬ ጠምዶ በሚያርስበት፣ እኩሌታው ደግሞ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ እየወረደ በሚኖርበት መንደር ነው የተወለደው። እጁ የተባረከ ሰው ነው። ሌላው "ይሄ ሥራ ወገብ ይሰብራል" ብሎ የሚያልፈውን እሱ "ለምን ይሰብራል?" ይልና ቁጭ ብሎ ብረት ይቀጠቅጥበታል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። እኔ ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

መጀመሪያ የሠራው ለገበሬ ነው። ሞፈር ላይ የሚታሰር፣ በሬው ሲራመድ ዘሩን ከማረሻው ኋላ ፍሬ በፍሬ ትልሙ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ነው። ወፍ አይለቅመውም፣ ጎርፍ አይጠርገውም። አንለይ የዋህ ነውና ለጠየቀው ሁሉ አሳየ። ካዩት አንዱ ከከተማ የመጣ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው አገላብጦ አየ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ሹም ከነአጃቢው መጣና "ይህ ዕቃ በነጋዴው ስም ተመዝግቦ ማሕተም ተመትቶበታል፤ ዐሥር ዓመት ሌላ ሰው እንዳይሠራው ተከልክሏል" ብሎ የአንለይን ዕቃ ከአንለይ እጅ ቀምቶ ሄደ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ሰው የገዛ ልጁን አቅፎ "ሌባ" እንደመባል ነው። አንለይ በዚያን ቀን ማለ። "ከእንግዲህ ማሕተም ያልተመታበትን ሥራዬን ጥላዬም አያየው" አለ። እስከዚህ ድረስ አልፈርድበትም።

ከመንደሩ በታች ያሉት የወርቅ ጉድጓዶች ሠላሳ ክንድ ይጠልቃሉ። ወራጁ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ከላይ ሦስት ሰዎች ገመዱን በባዶ እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁለታል፤ ሲጨርስም ጎትተው ያወጡታል። በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ገመዱን ከፊት የሚይዘውን ሰው የሚመርጠው ወራጁ ራሱ ነው፤ የሚመርጠውም የእህቱን ባል ነው። ወንድም ከወንድሙ በርስት ሊቀያየም ይችላል። የእህት ባል ግን ገመዱን ቢለቅ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን በምን ዓይኑ ያያታል?

የአንለይ ሚስት ስንዱ አንድ ወንድም አላት፤ ቢያድግልኝ ይባላል። ወራጅ ነው። ገመዱን ከፊት የሚይዝለትም አንለይ ነበር።

ዝናብ በሆነ ቁጥር ገመዱ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው አንለይ እንደ ልማዱ "ለምን?" አለ። ወፍራም ግንድ አጋደመና ገመዱን ጠመጠመበት። ግንዱ ዳር ላይ እጀታና ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ገጠመ፤ ከጎማው በላይ ደግሞ አንዲት የብረት ምላስ አንጠለጠለ። ሰው እየተሳበ ሲወጣ የሚያዞረው ሰው እጀታው ቢያመልጠው፣ ምላሷ ጥርሱ ላይ ትወድቅና ግንዱን ቀጥ ታደርገዋለች። ጓሮው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ አስሮ ሞከረው፤ ሠራ። ሚስቱን ጠርቶ አሳያት።

ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ነገ ጉድጓዱ ላይ ትተክለዋለህ አይደል?" አለችው።

"ማሕተሙ ይቅደም።"

"ቢያድግልኝስ?"

"አንድ ወር ነው፤ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?"

መዘውሩን ጎተራ ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሠረና ወደ ከተማ ሄደ። ቢያድግልኝ ሌላ እህት የለችውም፣ የእህት ባልም የለውም። ገመዱን ከፊት እንዲይዙለት ሽማግሌ ጎረቤቱን ለመነ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ከተማው እንሂድ፤ እኔ መሄዱን ባልወደውም። የማሕተሙ ቤት ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል የተቀመጡት ሹም "ይህን ዕቃ ከአንተ ሌላ የተጠቀመበት ሰው አለ?" ብለው ጠየቁት።

"የለም ጌታዬ፤ ማንም አልነካውም።"

"ደግ አድርገሃል። ሰው ከተጠቀመበት አዲስ አይባልም፤ አዲስ ያልሆነ ነገር ደግሞ ማሕተም አያገኝም። በል ወደዚያኛው ክፍል እለፍ።"

በሁለተኛው ክፍል ያሉት ሹም ሥዕሉን አዩና "ይህ ነገር መሥራቱን በምን አውቃለሁ? የተጠቀሙበት ሰባት ሰዎች ይመስክሩልህ" አሉት።

"ጌታዬ፣ ማንም እንዳይነካው ተብዬ እኮ ነው።"

"ያ የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም።"

ተመልሶ ለመጀመሪያው ሹም "እንግዲያው ሰባት ሰዎች ይሞክሩት ዘንድ ይፍቀዱልኝ" አለ። "ከሞከሩትማ አዲስ አይደለም አልኩህ እኮ" አሉት። "ታዲያ መሥራቱን ማን ይመስክርልኝ?" ቢል "እሱን ወደዚያኛው ክፍል" ብለው በጣታቸው አመለከቱት።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ስምንት እርምጃ ነው። አንለይ እነዚያን ስምንት እርምጃዎች ዓመት ከሁለት ወር ተመላለሰባቸው። ሁለቱ ሹማምንት ምሳቸውን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። እየተጎራረሱ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ በቅሏቸው ያወራሉ፤ ስለዚህ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አላወሩም።

በመካከሉ አንለይ ስንቅ ሊይዝ ብቅ ብሎ ይሄድ ነበር። አንዴ የመጣው በለቅሶ ላይ ነው። ከጎን ካለው ጉድጓድ አንድ ወራጅ በዝናብ እየተሳበ ሲወጣ ገመዱ ከሳቢዎቹ እጅ አምልጦ ወድቆ ሞቶ ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ስንዱ ባሏን መንገድ ላይ አቆመችው።

"ያ ዕቃ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ቀበርን" አለችው።

"እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?"

"አላልኩም። ለቢያድግልኝ ብቻ ስጠው። ሌላ ሰው እንዳያየው ዙሪያውን አጥርለታለሁ።"

"አንድ ሰው ከነካው አለቀለት ስንዱ። በገዛ ሥራዬ ዳግመኛ ሌባ እንድባል ነው የምትፈልጊው?"

"እንግዲያው ቅርና ገመዱን በእጅህ ያዝለት።"

"ከቀረሁ መዝገቤን ይዘጉታል።"

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሰውየው መዘውርም አለው፣ እጅም አለው። ለሚስቱ ወንድም ግን ሁለቱንም ነሣው። ክፉ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አንለይ ክፉ አይደለም፤ ማሕተሙን ካገኘ በኋላ ለሁሉም ጉድጓድ እየዞረ ሊተክል ነው ሐሳቡ። ሁሉንም ሊያድን ነው፤ በኋላ።

ሐምሌ ገባ። ጉድጓዱ ውኃ መያዝ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ሽማግሌው ጎረቤት ወደ ቢያድግልኝ እየተሳቀቁ መጡና "እጄ አልታዘዝ አለኝ ልጄ፤ ዛሬ ሌላ ሰው ፈልግ" አሉት። ቢያድግልኝ ሌላ ሰው አጣ። "ውኃውን ዛሬ ካልቀዳሁት ጉድጓዱ ይናዳል፤ ጉድጓዱ ከተናደ ልጆቼን ምን አበላለሁ? በሁለቱ ሳቢዎች እወርዳለሁ" አለ።

ስንዱ ይህን ስትሰማ ከማንም ጋር አልተማከረች። ዶማ አነሣችና የጎተራውን ግድግዳ መታችው። ጭቃው ረገፈ፣ እንጨቱ ተሰበረ። ጎረቤቶቿን ጠርታ መዘውሩን በአራት ሴት ትከሻ ተሸክመው ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረሱት። ወንዶቹ ተከሉት። እጀታውን እሷ በአንድ በኩል፣ አንድ ሳቢ በሌላ በኩል ያዙ። "የእህቴ ባል በሌለበት እህቴ ትያዘኝ" ብሎ ቢያድግልኝ ወረደ።

ውኃውን ሲቀዳ ውሎ እየተሳበ ሲወጣ ዝናቡ ያወርደው ነበር። ሃያ ክንድ ያህል ከፍ እንዳለ የሳቢው እግር ጭቃው ላይ ከዳውና ወደቀ። እጀታውም ከስንዱ እጅ ተመነጨቀ። ምላሷ ጥርሱ ላይ ወደቀች፤ ገመዱም ቆመ። ስንዱ ወንድሟን ከታች ሲሳደብ ሰማችው። እንደዚያን ቀን ስድብ ደስ ብሏት አያውቅም። ሳቢው ተነሣ፣ እጀታውን እንደገና ያዙ፣ አወጡት።

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይላል? መዘውሩን እየመጡ አዩ፣ ለኩ፣ ሠሩ። በሳምንት ውስጥ በየጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ አንድ ተተከለ። ስም አልነበረውምና "አንለይ" አሉት። "አንለይን ቀስ አድርገህ አዙረው"፣ "አንለይን ቅባው" ይባባሉ ጀመር።

በከተማው ደግሞ የሹማምንቱ የበላይ የሆኑ ሰው አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ የአንለይን ልመና ሰሙና ተቆጡ። "መርማሪ ሄዶ በዓይኑ ይይና እሱ ይመስክር፤ እዚያው ማሕተሙን ይምታለት" አሉ። በቃ፤ ይህን ለማለት ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። አንለይ ከደስታው ብዛት መርማሪውን በበቅሎ አስቀምጦ እሱ ከፊት ከፊት እየሮጠ መንደሩ ደረሰ። ዳገቱ ላይ ሲወጡ ታች ሜዳው ላይ ዐሥር መዘውር ሲዞር አዩ።

መርማሪው ወርደው አንድ በአንድ ተመለከቱ። "ይህን መጀመሪያ የሠራው ማነው?" አሉ። "አንለይ ነዋ" አላቸው ያለው ሰው ሁሉ። "ይሠራል?" "እንዴታ ጌታዬ፤ ያ ከጉድጓዱ እየወጣ ያለው ሰው የተረፈው በሱ ነው።" መርማሪው ጻፉና ወደ አንለይ ዞሩ። "ሰባት ምስክር ተብለህ ነበር፤ አንተ ሠላሳ አለህ። መሥራቱን አምኛለሁ። ነገር ግን ማንም ያልነካው አይደለም። ስለዚህ አዲስ አይደለም" አሉና ማሕተሙን ሳያወጡ የቦርሳቸውን ዘለበት አሰሩ።

አንለይ ማን እንዳወጣው ከሰው ሰምቶ ስንዱን ፈልጎ አገኛት። ሰው ይሰማኛል አላለም። "ገደልሽኝ" አላት። "ዓመት ከሁለት ወር የለፋሁበትን በአንድ ቀን ዶማ ናድሽው። ምን አድርጌሽ ነው? ከነጋዴው በምን ተሻልሽ?"

ቢያድግልኝ ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ወጥቶ ገመዱን ከወገቡ ላይ እየፈታ ነበርና ሁሉን ሰማ። ፊቱ በጭቃ ተለውሷል። ወደ እህቱ ባል ቀረበና አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ አንለይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "የእኔ መትረፍ ይህን ያህል እንደሚጎዳዎት አላወቅሁም ነበር።"

በሽሙጥ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ሠላሳ ሰው ቆሞ የአንለይን መልስ ጠበቀ።

እኔ ማሕተም ክፉ ነው አላልኩም። ሰው በላቡ የሠራውን ሲቀሙት ዝም ይበል የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ ከቀማኞቹ ወገን ነው። እነዚያ በአንድ ትሪ የሚበሉት ሁለት ሹማምንትም ለሞተው ወራጅ ሊጠየቁ ይገባል። አንለይም ድካሙ ተበልቷል፤ ያሳዝነኛል። ነገር ግን አንድን ሥራ ከሌባ ስንጠብቅ፣ ሥራው ከተሠራለት ሰውም አብረን እንጠብቀዋለን፤ ያን ጊዜ ሥራው ዓላማውን ይስታል፣ ልባችንም ሳናውቀው ይደነድናል። መብታችንን እንጠይቅ፤ ነገር ግን ሰው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አይደለም። አስቀድመን እናውጣው፣ ከዚያ እንካሰስ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ለምትወዱት ሰው ብላችሁ ጀምራችሁት፣ ዛሬ ግን ያው ሰው ቀርቦ ይቅርታ እስኪጠይቃችሁ ድረስ የጠበቃችሁት ነገር የለም? አንለይ በዚያ ሰዓት ምን ብሎ ይመልስለት ነበር ትላላችሁ?