በሰመጠው መኪና ውስጥ የገባችው እጅ

በአንድ ወቅት፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለች መንደር ዓሣው ሁሉ ሸሽቶ ባዶ አሸዋ በቀረበት ዘመን፣ ሀንፈሬ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ሦስት ልጆቹን ጠርቶ፣ «ጀልባዬን የማወርሰው መንደሩን ከረሃብ ላወጣ ነው» አላቸው።

የበኩር ልጁ ያዮ የአሮጌ ጭነት መኪና አካልና የሲሚንቶ ቱቦዎችን በበርሜል እያንሳፈፈ ወስዶ፣ የባሕር ፍጥረት መጠለያ ካገኘ ይመለሳል ብሎ ከዳርቻው አጠገብ አሰመጠ። ሰዉ «ቆሻሻ ደፊ!» እያለ ሳቀበት። ውሎ አድሮ ግን ብረቱ ዛጎል ለበሰ፣ ሸርጣን ገባበት፤ ሸርጣኑን ተከትሎ አጥንት የሌለው፣ ባለ ስምንት ክንዱ ኦክቶፐስ መጣ።

ብርቱ ነፋስ ጀልባዎቹን ሁሉ ከዳር ባሰራቸው ወራት፣ ሁለተኛው ልጅ ሁመድ በደረቱ ተንሳፍፎ ወደ ታች ሲያይ ይውል ጀመር። ኦክቶፐስ የተጠጋበትን ነገር መልክ ስለሚይዝ ሌላ ሰው አያየውም። ሁመድ ግን ኦክቶፐሱ በልቶ ከደጁ የሚጥለውን የሸርጣን ቅርፊት ክምር እያየ፣ «እዚህ አለ» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ታዲያ ማን ያውጣው? የያዮ ክንድ ወፍራም ነው፤ ከብረቱ ስንጥቅ አይገባም። ሁመድ ጆሮው ታሞ መጥለቅ አይችልም። የቀረችው ቀጭኗ እህታቸው አስያ ናት፤ እሷ ደግሞ ኦክቶፐስ ገና ስታይ ያቅለሸልሻታል።

«እኔ? ያንን ንፍጥ ልነካ?»

«የጎረቤት ልጆች በረሃብ እያለቀሱ ነው» አላት ያዮ።

ጠለቀች። እጇን ስትሰድ የሚያሟልጭ ክንድ እስከ ብብቷ ተጠመጠመባት፤ ክብ ክብ መምጠጫዎቹ ቆዳዋን ሳቡት። ይዛው ስትወጣ ጥቁር ቀለሙን ፊቷ ላይ ረጨ። ቶሎ የሚሞተው በዓይኖቹ መሃል ሲነከስ ነውና ዓይኗን ጨፍና ነከሰችው። ቀዝቃዛው ዝልግልግ ምላሷ ላይ ተጣበቀ። አሸዋው ላይ ተንበርክካ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመለሳት፤ ከዚያ አፏን ጠርጋ ተመልሳ ጠለቀች። ነፋሱ እስኪበርድ እንዲሁ አደረገች። መንደሩ በላ፤ እሷ ከድስቱ አልቀመሰችም።

አንድ ቀን ግን ባዶ እጇን ወጣች።

«አንዲት እናት ኦክቶፐስ እንቁላሏን ታቅፋለች። ምግብ ትታ ቆዳዋ ተንጠልጥሏል፤ ታስጠላለች፣ ግን አልነካትም።»

«ሰው ተርቦ?» አለ ሁመድ በቁጣ።

«እሷን ብንበላ ለከርሞ ምን ይፈለፈላል?»

ነፋሱ ሲቆም ሦስቱም ከአባታቸው ፊት ቀረቡ።

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ያዮ።

«በሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ሁመድ።

አስያ ክንዷን በአሸዋ እየፈተገች፣ «እጄን የከተትሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው አንዱን ካንዱ እያስተያየ ፍርድ ጠፋው። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ጀልባው ለማን ይገባል ትላላችሁ?