የኑግ ዘይት በባሕር ማዶ ጀሪካን

ድምፄ ዝቅ ያለ ነውና ጠጋ በሉ፤ ተረት አለኝ። እናንተ «እሺ» በሉኝ፣ እኔም ልቀጥል።

ድሮ ድሮ፣ ጅብ እንኳ በሚጾምበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳማ ተራራ ላይ እንስሳት ተሰባስበው ዕድር መሠረቱ። ሐዘንም ሲሆን ደስታም ሲሆን አብረው ይበላሉ። የዕድሩ ዳኛ ዝንጀሮ ነበር። ወጥ የምትሠራው ደግሞ ሚዳቋ ነበረች። ሚዳቋ የተማረች፣ ብዙ ያነበበች ናት፤ ግን ዓይናፋር ናት። ትኩር ብለው ካዩዋት ጆሮዋ ይቀላል።

ከተራራው ግርጌ ግመል ይኖር ነበር። ግመል መጭመቂያውን እየዞረ ኑግ ይጨምቃል። መጭመቂያው ከወይራ ግንድ የተሠራ ሽማግሌ ነው፤ ግመል በዞረ ቁጥር ያጉረመርማል።

«ቀስ በል አንተ፣ ወገቤን!»

«አንተ ምን አለብህ፣ ቆመሃል! የምዞረው እኔ።»

እንዲህ እየተነታረኩ ጥሩ ዘይት ያወጡ ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴ በቅሎዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ደረሱ። ጀሪካኑ ሆዱ ላይ አበባ ተስሎበታል። ገና ከጭነት ሳይወርድ፣ «በቀስታ አውርዱኝ፤ እኔ መርከብ የለመድኩ ነኝ» አለ። እንስሳቱ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግመል የሚወርድ ጠፋ።

ዝንጀሮም አዘዘ። «ሚዳቋ፣ ከእንግዲህ የዕድራችን ወጥ በዚህ ዘይት ይሠራል። እኛም እስቲ እንደ ሰው እንብላ!»

ታዲያ የጀሪካኑ ዘይት በአንድ ድግስ አለቀ። ሚዳቋ ሌላ እንዳትገዛ በቅሎዎቹ ሄደዋል። ለዝንጀሮ እንዳትነግረው አፈረች። ቅሏን ይዛ ወደ ግመል ወረደች፣ የኑግ ዘይት ቀዳች፣ አምጥታም ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጀሪካን።

«እባክህ ዝም በልልኝ።»

«የሚመሰገነው እኔ ከሆንኩ ምን ቸገረኝ!» አለና ክዳኑን ገጠመ።

በመጀመሪያው ድግስ ጅብ ምስር ወጡን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። «እህህ! ባሕር ማዶ! ይህ ሽታ ከእኛ አገር ይወጣል?»

በሁለተኛው ድግስ አህያ ሽሮዋን ልሳ ሳህኑን አስቀመጠች። «ልጆቼን በዚህ ዘይት አሳድጌ ቢሆን ኖሮ ፈረስ ይሆኑልኝ ነበር!»

በሦስተኛው ድግስ ዝንጀሮ ራሱ ጣቱን እየላሰ፣ «ግመል ይህን ቢቀምስ አፍሮ መዞሩን ይተው ነበር» አለ።

ሚዳቋ ከድስቱ ኋላ ተደብቃ በሆዷ ትስቅ ነበር። ሳቁ ጣፈጣት። ስለዚህ ቀጠለች፤ ጀሪካኑ እንዴት እንደማያልቅ የጠየቀ አልነበረም። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ ምስጢሯን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ግመል ግራ ይገባዋል።

«ሚዱ፣ ይህን ሁሉ ዘይት ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ፀጉሬን እቀባዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ይህን ሁሉ ተቀብተሽ እንዲህ የደረቅሽ!»

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ውርጩ መሬቱን ባነጣበት ጠዋት፣ ዝንጀሮ ዕድሩን በግመል ደጅ ሰበሰበ። በቅሎዎቹ አዲስ ጀሪካን አምጥተው እዚያው ደጅ አሳድረውት ነበር። ሚዳቋም ለወጥ የምትገለገልበትን አሮጌውን ጀሪካን ይዛ መጣች።

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «የግመልን ዘይት የሚበላ የለም። ስለዚህ መጭመቂያው ተፈልጦ ማገዶ ይሁን፤ ቦታውም የጀሪካን ማስቀመጫ ይሁን። ግመል በረሃ ወርዶ ጨው ይሸከም።»

«ይሁን!» አሉ ሁሉም። ጅብ መጥረቢያ አነሣ።

ግመል ጉልበቱን አጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። መጭመቂያው ግን፣ «አያ ጅቦ፣ ወገቤ ላይ አደራ» ብሎ ለመነ።

ሚዳቋ ሳቋ ደረቀ። ለካስ እነሱ ወጡን ባመሰገኑ ቁጥር ስሙ የሚነሣው የጀሪካኑ ነበር፤ እሷ በደበቀች ቁጥር ደግሞ ግመል እየጠፋ ነበር። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ።

«እ... ይቅርታ... አንድ ነገር ነበረኝ።»

«ጮክ በይ!»

«እስከ ዛሬ የበላችሁት... የግመል ዘይት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የምገለብጠው እኔ ነኝ።»

ተራራው በሳቅ ተናወጠ። «የእኔ ምላስ ትሳሳታለች?» አለ ጅብ። «ልጅቷ ንባብ አብዝታ ነው!»

«እሺ፣ ሁለቱንም ቀድተን እንይ» አለ ዝንጀሮ ሊያሳፍራት።

አሮጌውን ጀሪካን ዘነበል ሲያደርገው ዘይቱ ኩልል ብሎ ወረደ። አዲሱን ዘቀዘቀው፤ ጠብ የሚል የለም። አራገፈው፤ ጠብ የሚል የለም። ሦስተኛ ጊዜ ቂጡን በጥፊ ሲለው ነጭ ጓል ዱብ ብሎ የዝንጀሮን እግር መታው።

«ወይኔ እግሬን!»

«ምን ላድርግ?» አለ አዲሱ ጀሪካን እየተንቀጠቀጠ። «እኔ የሙቅ አገር ልጅ ነኝ፤ በእናንተ ውርጭ እረጋለሁ።»

ሁሉም ወደ አሮጌው ጀሪካን ዞሩ። «አንተስ? አንተ ለምን አልረጋህም?»

አሮጌው ጀሪካን አቀረቀረ። «እኔማ ሆዴ የእናንተ አገር ሰው ከሆነ ቆየ።»

ጅብ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ከጀርባው ደበቀ። ዝንጀሮ እግሩን እያሻሸ፣ «እንግዲያው መጭመቂያው ይቆይ» አለ። ግመልም ብድግ ብሎ መዞር ጀመረ።

ፀሐይ ሳትበረታ በግመል ደጅ ረጅም ሰልፍ ሆነ።

«እኔኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች አህያ።

«እኔስ! አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አለ ዝንጀሮ።

ሚዳቋ ቅሏን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። ከፊቷ የቆመው ጅብ ዞር ብሎ አያትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ይህን ዘይት ሞክሪው፤ አትቆጪም። የአገራችን ነው፤ እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

እናም እላችኋለሁ፦ የጎረቤታችሁን ሥራ ከወደዳችሁት በገዛ ስሙ ጥሩት። በእንግዳ ዕቃ ሸፍናችሁ ብታሞግሱት ምስጋናው ለዕቃው ይሆናል፤ ባለሙያው ግን በረሃ ይወርዳል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ሳቁን እናንተ ውሰዱ፣ ሃፍረቱን ለእኔ ተዉልኝ።