ሳትጠይቅ የምታውቀው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳትም እንደኛው ሲያማቸው መድኃኒት ቤት ይሄዱ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ መንደር ሁለት መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። አንዱ ዋርካው ሥር የሚሠራው አባ ኤሊ ነው። ሌላዋ ወንዙ መሻገሪያ ላይ የከፈተችው እመት ቀበሮ ናት።

የመንደሩ እንስሳት አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። አዋቂ ማለት ሳይጠይቅ የሚያውቅ ነው ብለው ያምናሉ። የሚጠይቅማ ምን ያውቃል? አባ ኤሊ ደግሞ ሳይጠይቅ ቅጠል አይበጥስም፤ ስለዚህ ደጁ ጭር ያለ ነበር። ቀበሮ ዘንድ ግን ሰልፉ እስከ ወንዙ ይደርሳል። ሰልፉን ያየ ሁሉ «መቼም ያለ ነገር አልተሰለፉም» እያለ ከኋላ ይቆማል።

አንድ ጠዋት የአህያ ውርንጭላ ተቅማጥ ጠናባት። አህያ ከዚህች ሌላ ልጅ የላትም፤ ከእሷ በፊት ሁለት ቀብራለች። ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደሚቀርባት ወደ ዋርካው ሄደች።

«አባ፣ ልጄን ሆዷን አሟታል፤ ይድረሱልኝ።»

«ከጀመራት ስንት ቀኗ ነው?»

«ሁለት።»

«ትጠባለች? የጠጣችው ውሃስ ይቆይላታል? ደም አይተሻል?»

አህያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። «አባ፣ መድኃኒት ልወስድ መጣሁ እንጂ ተከስሼ አልቀረብኩም።»

«ልጄ፣ ሳላውቅ ብሰጥሽ እገድላታለሁ።»

«እንግዲያው አያውቁም ማለት ነው» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች። አባ ኤሊ ሊከተላት ተነሣ፤ ግን የኤሊ እርምጃ ነው፣ የት ይደርሳል?

ቀበሮ ከሩቅ አየቻት። «ነይ እህቴ። ምንም አትንገሪኝ፤ ሆዷን ነው አይደል?»

የውርንጭላዋ ጭራ እስከ ተረከዟ ርሷል፤ ይህን ለማወቅ ምን ጥበብ ያሻል? አህያ ግን እንባዋ መጣ። «በምን አወቅሽ?»

«ሥራዬ ነው። ይኸው፣ ባለፈው በሬን ያሻረው ይኼ ነው። አንድ ቅል ሙሉ አጠጫት።»

ቅሉ ውስጥ ያለው ኮሶ ነበር። ኮሶ የትልቁን በሬ ሆድ ጠራርጎ ትሉን ያስወጣል። ቀበሮ ከኮሶ ሌላ መድኃኒት የላትም፤ ለሳልም ኮሶ፣ ለስብራትም ኮሶ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ደግሞ አያ ጅቦ ተጋድሟል።

«ይቺ መቼ ነው የምትደርስልኝ?» አለ ጮክ ብሎ፣ ያ ቂል።

ቀበሮ ፈጠን አለች። «መቼ እንደምትድን መጠየቁ ነው። ሆደ ባሻ ነው፣ በሽተኛ ሲያይ አይችልም።»

አህያ አመሰገነችው።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ውርንጭላዋ ሞተች። እናቷ ፊቷን እየላሰች «ተነሽ እንጂ፣ ተነሽ እንጂ» ትላት ነበር። አባ ኤሊ የገብስ ውሃ ይዞ እየተንፏቀቀ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ቅሉን አሸተተው።

«ለተቅማጥ ደግሞ የሚያስቀምጥ መድኃኒት?» አለ።

በማግስቱ አህያ ወንዙ ዳር ቆማ ሰልፈኛውን አንድ በአንድ ለመነች። በግ ያመማትን ግልገሏን አስከትላ ከሰልፉ መሐል ነበረች።

«ልጄን የጨረሰቻት እሷ ናት» አለቻት አህያ። «እባክሽ አባ ኤሊ ዘንድ ውሰጃት።»

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለች በግ። «ያንቺዋ ቀኗ ደርሶ ነው። መድኃኒቱማ በሬን አሽሯል።»

«ስለ ልጄ ብለሽ።»

«እሳቸው እኮ ይጠይቃሉ» አለች በግ፤ ሰልፉ ፈቀቅ ሲልም ግልገሏን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ቀበሮ ተጠጋች።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ሕመማችን የሚጠይቀንን አላዋቂ ብለን ሸሽተን ሳይጠይቅ የሚሰጠንን መምረጥ ከለመድን፣ የጎረቤታችን ለቅሶ እንኳ እንደማይመልሰን ነው።