የሁለት ተማሪዎች አንድ ስህተት

አንድ የታሪክ ሊቅ ከሩቅ አገር ተሰዶ ወደ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ መጣ። ሲመጣ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ሥራ ያገኘው መዝገብ ቤት ነው፤ አቧራ የለበሱ መዝገቦችን እያራገፈ ይደረድራል። ቋንቋውን ከባለጉዳዮችና ከገበያተኞች ተማረ። ሲሳሳት ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ ኮሌጅ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። ዓመታት አለፉ። የከተማዋ ሰዎች ስለ ገዛ ቀያቸው ሲጠየቁ እንኳ "እሱን ጠይቁት" ማለት ለመዱ። በሃያ አምስተኛው ዓመት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ።

ሹመቱን ሁሉም አልወደደውም። "የአገር ልጅ ጠፍቶ ነው መጤ የሚሾምብን?" ያሉ ነበሩ። እሱም ሰምቷል። ስለዚህ በአዲሱ ወንበር ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም ነበር።

በሦስተኛው ወር መምህር ይርዳው የሚባል የታሪክ አስተማሪ ሁለት የፈተና ወረቀቶች ይዞ ቢሮው ገባ። ትሁኔና አዱኛ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ተከትለውታል። ሁለቱም ከሌላ አውራጃ ለትምህርት የመጡ ናቸው። በኮሌጁ ደንብ የቀዳም ያስቀዳም ይባረራል።

"ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እነዚህ ተቀዳድተዋል" አለ መምህር ይርዳው። "ስለ ድንጋዩ ድልድይ ጠይቄያቸው ነበር። ድልድዩ ከታላቁ ጎርፍ በፊት መሠራቱን የዚህ ከተማ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሰው የተረፈው እሱ ላይ ወጥቶ ነው! እነዚህ ግን ሁለቱም 'ድልድዩ ከጎርፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ተሠራ' ብለው ጽፈዋል። እውነት አንድ ስለሆነች ሁለት ሰው ሊያገኛት ይችላል። እንዲህ ያለ ጉድ ግን እንዴት በሁለት ጭንቅላት እኩል ይበቅላል?"

"ተራርቀን ነው የተቀመጥነው" አለ አዱኛ። "ደግሞ ከእሷ ብቀዳማ ኖሮ እሷ ያገኘቻቸውን ሌሎች ስድስት ጥያቄዎች እስታቸው ነበር?"

"ምላስህ ቢፈተንማ መቶ ታመጣ ነበር!" አለ መምህሩ።

ፕሬዚዳንቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። "እኛ የድሮ ጽሑፍ የምንመረምር ሰዎች አንድ ልማድ አለን" አለ። "ሁለት የብራና መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስህተት ሲኖራቸው አንዱ ከሌላው ተቀዳ ብለን አንቸኩልም። ሁለቱም የተቀዱበት ሦስተኛ መጽሐፍ ይኖር እንደሆነ እንፈልጋለን። ትሁኔ፣ ልጄ፣ ከምን ነበር ያጠናሽው?"

"ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካለ አንድ ሰማያዊ ደብተር፣ ጋሼ" አለች ትሁኔ።

"እኔም እሱን ነው ያነበብኩት" አለ አዱኛ። "እሷ ደብተሩን ለቤተ መጻሕፍቱ ስትመልስ እኔ ተዋስኩት።"

ደብተሩ እንዲመጣ ተደረገ። ፕሬዚዳንቱ ገልጦ ሁለት መስመር እንዳነበበ ፊቱ ተለዋወጠ። የራሱ ጽሑፍ ነበር። ማስተማር በጀመረበት ዓመት ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ማስታወሻ ነው። የጎርፉን ዓመት ከከተማዋ መዝገብ ወስዷል። የድልድዩን ዓመት ግን የወሰደው የአገሩ ሰው ከጻፈው የጉዞ ታሪክ ነው። የእሱ አገር የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከከተማዋ በሰባት ዓመት ይቀድማል። ሰባቱን ዓመት መቀነስ ረስቶ፣ ከጎርፉ በፊት የቆመውን ድልድይ ከጎርፉ በኋላ አሠርቶታል። በኋላ ነገሩን ከሽማግሌዎች ሰምቶ አርሞ አስተማረ፤ ይህች ደብተር ቤተ መጻሕፍት መቅረቷን ግን አላስታወሰም።

መምህር ይርዳው ደብተሩን ተቀብሎ አገላበጠው። "ስም የለውም" አለ። "ማን ያውቃል? ራሳቸው ጽፈው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ቢሆንስ?"

ፕሬዚዳንቱ ዝም ብሎ ቢቀር ሁለቱ ተማሪዎች ይባረራሉ። ቢናገር ደግሞ "መጤ ነው፣ ታሪካችንን አያውቅም" ለሚሉት ሰዎች በትሩን በእጁ ማቀበሉ ነው። ትሁኔን አየ። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች።

"ጸሐፊው እኔ ነኝ" አለ። የሆነውንም ሳይሸፍን ነገራቸው።

መምህር ይርዳው ሳቁ አመለጠው። "ታዲያ ድልድያችንን ሰባት ዓመት አዘገዩብን? አያቴ እኮ በጎርፉ ቀን እዚያው ድልድይ ላይ ነው የተወለዱት። በእርስዎ ደብተር ቢሆን ኖሮ ውሃ ላይ ተወልደው ነበር!"

ተማሪዎቹም ሳቁ። ፕሬዚዳንቱም ሳቀ። ሁለቱ ልጆች ከመባረር ተረፉ፤ መልሱ ግን ያው ስህተት ስለሆነ ነጥብ አላገኙበትም።

በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና የከተማዋን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ስህተቱን ተናገረ። በሹመቱ ሲያጉረመርሙ ከነበሩት አንዱ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ሰዉ ሁሉ ሊወቅሱት ነው ብሎ ጠበቀ።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የአገሬን ልጅ ሲሾም አይቻለሁ" አሉ። "ወንበር ላይ ተቀምጦ 'ተሳሳትኩ' ያለ ግን ዛሬ ገና አየሁ። በል ሥራህን ሥራ፣ ልጄ።"

ከዚያ ቀን በኋላ መጤ ብሎ የጠራው የለም። ረጅም ዘመን በሰላም አስተዳደረ።

ብዙዎቻችን ስህተታችንን ካመንን ክብራችን የሚወርድ ይመስለናል። ነገር ግን ሌላው በእኛ ስህተት ሲቀጣ ዝም ማለት ነው ሰውን የሚያወርደው። ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ ዝም ማለቱ ይቀልለናል፤ ስለዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ያኔ ነው። እስቲ እናስብ፤ እኛ የተናገርነውን አምኖ፣ እኛ ሳናውቅ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ የቆመ ሰው ይኖር ይሆን?