ቅቤ ቅቤ የሚሸት ወርቅ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ አያቶቻችን ራሳቸው ልጆች ሆነው «ድሮ» ሲባል የሰሙት ጊዜ ነው። ስሙን የሚያውቁት ሁሉ ባለቁበት በአንድ ሩቅ አገር፣ ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ነበር። አንዲት ቆቅ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ በምንቃሯ የምታበራ ፍሬ ይዛ ተመለሰች። ቆቅ ደግሞ አፏ አያርፍም። በሳምንቱ አገር ምድሩ ሰማ። ያረሰው ሳይዘራ፣ የዘራው ሳያጭድ፣ «ወርቅ ሳልይዝ ከተመለስኩ ስሜን ለውጡት» እያለ ወደ ወንዙ ጎረፈ።

ፍልፈልም ሄደ። እሱ ግን ለድሎት አልነበረም የሄደው። ቤቱ ረባዳ ቦታ ላይ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ይገባበታል። አምና ልጆቹን አንድ በአንድ በአንገታቸው ጎትቶ ነው ያተረፋቸው። የጉብታው ባለቤት አጋዘን «አንድ ላባ ሙሉ ወርቅ አምጣና ጉብታው ላይ ቆፍረህ ግባ» አለው። ስለዚህ ፍልፈል ውስጡ ክፍት የሆነ የጆፌ አሞራ ላባ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ሚስቱን «ዝናብ ሳይጥል እመጣለሁ» አላትና ወጣ።

የወርቅ ነገር ከሩቅ እንደሚወራው አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ቆመህ አሸዋ በገበቴ ታሽከረክራለህ። አሸዋው ይሄዳል፣ ጥቁሩ ደቃቅ ይቀራል፣ ከጥቁሩ ሥር ደግሞ፣ ከታደልክ፣ የቁንጫ ዓይን የምታህል ወርቅ ታገኛለህ። እሷን ላባህ ውስጥ ትከትና እንደገና ትጎነበሳለህ።

ዘመድ የሌለበት አገር ስለሆነ ቆፋሪዎቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። መቆፈሪያህን ጉድጓድህ ውስጥ ትተህ ከሄድክ ጉድጓዱ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካውም። ከሞትክ ግን ጉድጓድህ ራሱን ተላጭቶ ላለቀሰልህ ነው። እዚያ አገር ሌላ ማን አለህ?

ሁሉም ሲቆፍር አንድ ያልቆፈረ ነበር፤ ጉሬዛ። ያኔ ጠጉሩ ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር፣ ረጅም፣ ቅቤ የጠገበ ነበር። ከሾላው ሥር ቁጭ ብሎ ቆሎና ጠላ ይሸጣል። በአገርህ ማንም በነፃ የሚያፍስልህን ቆሎ፣ እሱ እፍኙን በአንድ ቁንጥር ወርቅ ያደርገዋል።

«አያ ጉሬዛ፣ እፍኝ ቆሎ።»

«ላባህን ክፈታ፣ የኔ ጌታ።»

ጣቱን ይሰዳል፣ ቆንጠር ያደርጋል፣ ከረጢቱ ውስጥ ያራግፋል። ከዚያ «ኧረ ይሄ ቅማል ጨረሰኝ» ይልና ራሱን እክክ፣ እክክ።

ቀጣዩ ይመጣል። ቆንጠር፣ ራገፍ፣ «ኧረ ይሄ ቅማል ጨረሰኝ»፣ እክክ፣ እክክ።

የፍልፈል ላባ ሰኞ ግማሽ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ሩብ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ ማለት ጀምሯል። አንድ ቀን አላስችል አለው።

«አያ ጉሬዛ፣ ቁንጥርህ ከበድ አለችሳ?»

«አንተ ዓይን የለህ፣ በምን አየሃት?»

ቆፋሪው ሁሉ ሳቀ። ፍልፈልም ቆሎውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

አንድ እሁድ ፍልፈል ከሰው ራቅ ብሎ እግሩን ሊታጠብ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ወዳለው የወንዙ መታጠፊያ ወረደ። ቦታው ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ማንም አይቆፍርበትም። እጁን ውሃው ውስጥ ቢሰድ ወርቅ። እንደገና ቢሰድ ወርቅ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ፍልፈል ዓይኑ ደካማ ነው እንጂ አፍንጫው አይታማም። ወርቁ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ያውም ሰንበትበት ያለ ቅቤ።

«እዚህ ወንዝ ላይ ቅቤ የሚቀባ ማን ነው?» አለ ለራሱ። ደግሞ እሁድ እሁድ ማለዳ ገበቴ ይዞ ብቻውን ሊታጠብ የሚጠፋው ማን ነው? የማይቆፍር ሰው ገበቴ ምን ያደርግለታል? ያን ጊዜ ገባው። የጉሬዛ ጣት ላይ ቅቤ አለ፤ ሲቆነጥር የሚጣበቀው ከሚያራግፈው ይበልጣል፤ ያን ደግሞ ራሱን ሲያክ ጠጉሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እሁድ እሁድ እዚህ ገበቴው ውስጥ ያጥበዋል፤ ከገበቴው ያመለጠው ነው ውሃው ውስጥ የቀረው። ለካ ቅማሉ የኛው ወርቅ ነው።

በቀጥታ ወደ አባ ኤሊ ሄደ። አባ ኤሊ የወንዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ወርቅ ሳይሰማ ጀምሮ እዚያ የኖሩ፣ ከሁሉ የሚሻለው ጉድጓድም የሳቸው ነው። ጉሬዛ ያ ጉድጓድ አንድ ቀን ይደርሰኛል ብሎ በሰው ፊት ሁሉ «አባቴ» ነው የሚላቸው።

«አባ ኤሊ፣ ወርቅ ቅቤ ይሸታል?»

«አይሸትም፣ ልጄ።»

«ይኸው ይሄ ይሸታል።»

አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ከዚያ «ታዲያ ምን ያስጎልትሃል? ጩህ እንጂ» አሉ።

«አሁን ብጮህ ሄዶ ይታጠብና ‹የታለ?› ይለኛል። መጀመሪያ መታጠቢያውን ልቀማው። ቀጥሎ እርስዎ ይሞቱልኛል።»

«እኔ?»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ።»

አባ ኤሊ አሰቡ። «ለአንድ ጠዋት ከሆነ ምን ቸገረኝ» አሉ።

ፍልፈል ወጣና «መታጠፊያው ላይ ወርቅ አገኘሁ» ብሎ አወራ፤ ደግሞ ውሸት አልተናገረም። ከርከሮ በጥርሱ፣ ሽኮኮ በጥፍሩ፣ ሁሉም እየተጋፋ ድንጋዩን ወረረው። ገና ጉድጓድ ያላወጣውም ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ እዚያው ማደር ጀመረ። ጉሬዛ እሁድ ገበቴውን ይዞ ቢሄድ ሰው እንደ ጉንዳን። በሚቀጥለው እሁድ ቢሄድ ባሰ። ወደ ላይ ቢል ቆፋሪ፣ ወደ ታች ቢል ቆፋሪ። መቆንጠሩን ግን አልተወም፤ ቆንጠር፣ ራገፍ፣ «ኧረ ይሄ ቅማል ጨረሰኝ»፣ እክክ፣ እክክ። ራሱ ከብዶ አንገቱ ዘመመ።

«አያ ጉሬዛ፣ ምነው አንገትህ?» ይሉታል።

«ሐሳብ ነው፣ ወንድሜ።»

ሰማዩ ማጉረምረም በጀመረበት ሰኞ ጠዋት አባ ኤሊ መንገድ መሀል ራሳቸውን ሰበሰቡ፤ አንገታቸውም እግራቸውም ወደ ውስጥ ገባ። እመት ጃርት፣ የቆፋሪው ሁሉ ራስ ላጪ፣ «ወየው አባ ኤሊ» ብላ ለቅሶውን ከፈተችው። ሁሉም ተሰበሰበ። ምላጩ ተሳለ፣ ቁርበትም ተነጠፈ።

ጉሬዛ ደረቱን እየደቃ መጣ። «አባቴን፣ አባቴን። ጉድጓዱን ለማን ጥለውት ሄዱ።»

«ለተላጨላቸው ነዋ» አለ ፍልፈል።

ጉሬዛ እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «እንግዲያው ቶሎ ታጥቤ ልምጣ።»

«አባቱ የሞተበት ይታጠባል እንዴ?» አለች እመት ጃርት። «ነውር አይደለም?»

«ራሴን ያመኛል። ብርድ ይመታኛል። ነገ ብላጭስ?»

ይሄኔ ከርከሮ ተነሣ። «እኔ እላጫለሁ። ጉድጓዱም የኔ ይሁን።»

«አንተ ምን ጠጉር አለህና ነው የምትላጨው?» አለ ጉሬዛ።

«ሦስት ብትሆንም ጠጉር ናት» አለ ከርከሮና ቁርበቱ ላይ ሊቀመጥ ሄደ።

ጉሬዛ ጉድጓዱን አየ። ጠጉሩን ዳበሰ። ጉድጓዱን አየ። «ጠጉሩን እኔው ራሴ ሰብስቤ እቀብረዋለሁ» ብሎ አሰበና ከርከሮን ገፍትሮ ተቀመጠ። «ላጪኝ። አባቴ ናቸው።»

እመት ጃርት አንድ ጊዜ ምላጯን ሳበች። ጠጉሩ ቁርበቱ ላይ ዱብ አለ፤ እንደ ጠጉር ሳይሆን እንደ ድንጋይ። ሁለተኛ ሳበች። ፀሐይዋም ከደመናው ሥር ብቅ አለች።

«አያ ጉሬዛ» አለች ጃርት ጎንበስ ብላ፣ «ቅማልህ ያብለጨልጫል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ቁርበቱን ከበበ። አባ ኤሊም ከድንጋይ ልብሳቸው ውስጥ ቀስ ብለው አንገታቸውን አወጡ።

«ይበቃል ልጄ፣ በደንብ አልቅሰህልኛል። እሷ ግን ትጨርስ፤ ግማሽ ራስ አያምርም።»

ጉሬዛ ቢዘል ከርከሮ ጭራውን ረግጦታል። ጠጉሩን በፍል ውሃ አጠቡት፤ ቅቤው ተንሳፈፈ፣ ወርቁ ዘቀጠ። ለየሰው የየድርሻውን አባ ኤሊ በደረቅ ጣት መለሱ። የፍልፈል ላባ እስከ አፉ ሞላ። ቆሎ እንኳ ሳይቋጥር በዚያው ቀን መንገድ ጀመረ። ወርቁን ለአጋዘን አስረክቦ ጉብታውን ቆፈረ። የመጨረሻ ልጁን ጉብታው ላይ ሲያወጣት የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ጀርባዋ ላይ አረፈች። «አባዬ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» አለችው።

ጉሬዛማ መላጣውን ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ጠጉሩ በቀለለት፤ ግን ከድንጋጤው የተነሣ በትከሻውና በጎኑ ያለው ነጭ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ሰው ካየ አይወርድም። እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ እናንተም ሳትቆነጥሩ አድርሱ።

በቅቤ ያጣበቁት በምላጭ ይለቃል።